11 ወሯ ነው፤ አትድህም፣ ይዛም አትቆምም። ልጠብቅ ወይስ ላሳያት?

የሚጣ እናት
ግንቦት 3፣ ከምሽቱ 4፡20

ሰላም እህቶች፣ ሰላም ወንድሞች። ልጄን አስተኝቼ ነው የምጽፈው። እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ሳምንት አልፎኛል።

ሚጣ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው የወለድኳት፣ አሁን 11 ወር ሞላት። ጊዜዋን ጨርሳ ነው የተወለደችው፣ 3 ኪሎ ከ100። አንገቷ በ3 ወር ገደማ ጸና። 8 ወር ሊሞላት ሲል ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ ግን ምንም የለም። አትድህም። በሆዷ ሳስተኛት ታለቅሳለች። ብብቷን ይዤ ላቆማት ስል እግሯን ወደ ላይ ትሰበስባለች፣ መሬቱ ያቃጠላት ነው የሚመስለው። ጥርስም አላወጣችም።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ትስቃለች። "አባ" ትላለች። ስሟን ስጠራት ዞር ትላለች። ምንጣፍ ላይ የወደቀች ምስር አይታ በሁለት ጣቷ ለቅማ ወደ አፏ ስትወስድ ሮጬ ነው የማስጥላት።

የጎረቤቴ ልጅ ከእሷ በ10 ቀን ያንሳል። ትናንት ኮሪደሩ ላይ እናቱ ሁለት እጁን ይዛው ዳዴ ሲል አየሁት። "እሷስ አልጀመረችም?" አለችኝ። በቅንነት ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ባለቤቴ "አትጨነቂ፣ እኔም ዘግይቼ ነው የሄድኩት" ይለኛል። አማቴ "ወፍራም ስለሆነች ነው" ይላሉ። ለ9 ወር ክትባት የወሰድኳት ቦታ መዘኗት፣ ወጓት፣ "ክብደቷ ጥሩ ነው" ብለው ሸኙኝ። እግሯን የነካ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም። አሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የሦስት ልጆች እናት
ግንቦት 3፣ ከምሽቱ 4፡50

የኔ እህት፣ መጀመሪያ እንባሽን ጥረጊ። ከአንድ ማህፀን የወጡ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ሦስቱም ሦስት ዓይነት ናቸው። ትልቋ በ10 ወሯ ሄደች። ትንሹ በ13።

መሀከለኛው ግን በጉልበቱ ድሆ አያውቅም። በቂጡ ነበር የሚንፏቀቀው። አንድ እግሩን አጥፎ ሥሩ ያደርግና በሌላው መሬቱን እየገፋ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ያስሰዋል። የሱሪዎቹ ቂጥ ሁሉ ሳስቶ አልቆ ነበር። በ15 ወሩ አንድ ቀን ሶፋውን ለቀቀና ሄደ። ዛሬ ሰፈር ውስጥ በሩጫ የሚቀድመው የለም።

እና ያለመዳህ ብቻውን አያስፈራሽ። ግን እግሯን መሰብሰቧን እኔ ልጆቼ ላይ አላየሁትም። እሱን ለሚያውቅ ሰው እተወዋለሁ።

የሕፃናት ክፍል ነርስ
ግንቦት 4፣ ከጠዋቱ 1፡15

እንደምን አደርሽ እህቴ። ሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው። ልጅቷን ሳላይ "ደህና ናት" ልልሽ አልችልም፣ "ታማለች"ም ልልሽ አልችልም። ግን ጥቂት ቁጥር ልስጥሽ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር ከማወዳደር ይሻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ያሉ ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ጥናት አለ። እዚያ ላይ ትልቁ ነገር የጊዜው ስፋት ነው። ያለ ድጋፍ ቁጭ ማለት ከ3.8 እስከ 9.2 ወር። በእጅና በጉልበት መዳህ ከ5.2 እስከ 13.5። ይዞ መቆም ከ4.8 እስከ 11.4። ብቻ መሄድ ከ8.2 እስከ 17.6። አየሽ፣ አንዱ በ8 ወሩ ይሄዳል፣ ሌላው በ17፤ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ከልጆቹ 4.3 በመቶ ደግሞ በእጅና በጉልበት ጭራሽ አልዳሁም።

ስለዚህ መዳህ ላይ ገና ጊዜ አላት። ይዞ መቆም ላይ ግን ጠርዙ ላይ ናት። ለዚህ ነው መታየት አለባት የምለው። በጥድፊያ አይደለም፣ ግን በዚህ ሳምንት ይሁን።

እስከዚያ ድረስ ይህን መልሺልኝ። ሁለቱን እጇን እኩል ትጠቀማለች? ስትይዣት ሰውነቷ ግትር ይላል ወይስ ልፍስፍስ? በፊት ታደርገው የነበረ አሁን ግን ያቆመችው ነገር አለ? ስትተኛ ራሷን ያልባታል? የእጇ አንጓስ ወፈር ያለ ይመስላል?

የጀግናው እናት
ግንቦት 4፣ ከጠዋቱ 3፡40

ማስፈራራት አልፈልግም። ግን ዝም ብዬም ማለፍ አልቻልኩም።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለውን ተረት እኔ ጆሮዬ እስኪደነቁር ሰምቼዋለሁ። ልጄ በ5 ወሩ ግራ እጁ አይዘረጋም ነበር። አሻንጉሊት በግራ በኩል ስሰጠው ቀኝ እጁን አዙሮ ነው የሚወስደው። ቤተሰቡ "ቀኝ እጁ ጠንካራ ነው፣ ጎበዝ" አለ። ዳይፐር ስቀይር እግሮቹ እንደ መቀስ ይቆላለፋሉ፣ ለመክፈት ጉልበት ይፈልጋል። ያሳየሁት ሐኪም ሳይነካው "ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ጠብቂ" ብሎ መለሰኝ። ጠበቅኩ። 20 ወሩ ላይ ነው ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር፣ መሆኑ የተነገረኝ።

ጉዳቱ የኔ መዘግየት ያመጣው አይደለም፣ ይህን አሁን አውቃለሁ። ግን ፊዚዮቴራፒውን በ20 ወሩ ሳይሆን በ6 ወሩ ብንጀምር ኖሮ ብዬ የማላስብበት ቀን የለም። ዛሬ 5 ዓመቱ ነው። በእግር ድጋፍ ይሄዳል፣ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ፊደል ቆጥሮ ጨርሷል።

ሲስተር እንዳለችው እጇን እይ። 1 ዓመት ሳይሞላው አንድ እጅ ብቻ የሚመርጥ ልጅ መታየት አለበት። በ4 ወሩ አንገቱ ያልጸና፣ በ9 ወሩ ቁጭ ያላለ፣ በ18 ወሩ ያልሄደም እንደዚያው። የሚችለውን የተወ ልጅ ደግሞ ቀን አይሰጠውም። ሄደሽ ምንም ካልተገኘ የባከነው ግማሽ ቀን ነው።

አዲስ አባት
ግንቦት 4፣ ከቀኑ 6፡10

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው "ዎከር ግዢላት፣ ቶሎ ትሄዳለች" ማለቱ አይቀርም፣ ለእኛም ብለውናል። እንዳትገዢ።

ልጃችን 9 ወሩ ላይ ገዛንለት። እውነት ነው፣ ቤቱን ዞረው። ግን በጣቱ ጫፍ ነበር የሚገፋው፣ ከዎከሩ ሲወጣ ጭራሽ አይቆምም። አንድ ቀን የበሩ ደፍ ላይ ጎማው ተያዘና ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ተገለበጠ። ግንባሩ ላይ 4 ቦታ ተሰፋ። ከዚያ ወዲያ 3 እርምጃ ላይ ደረጃው ነበር። አሁንም ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል።

በኋላ ሳነብ ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ መሸጡን ከልክላለች። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ይታገድ ይላል። ልጅ መሄድ የሚለማመደው እግሩን እያየ፣ እየወደቀ፣ የሚይዘው ነገር እየፈለገ ነው። ዎከሩ ይህን ሁሉ ያስቀርበታል። በባዶ እግር መሬት ላይ ልቀቋቸው።

ከሜሪላንድ
ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 1፡05

እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። ወንዱ ልጄ በ32 ሳምንት ነው የተወለደው፣ 2 ወር ገደማ ቀድሞ ማለት ነው። 10 ወሩ ላይ ቁጭ ሲል ሁሉም "ዘገየ" አለ። ሐኪሙ ግን "እኔ የምቆጥረው ከተወለደበት ቀን አይደለም፣ መወለድ ከነበረበት ቀን ነው" አለኝ። 2 ዓመት እስኪሞላው ድረስ እንደዚያ ነው የሚቆጠረው። ይህን ሳላውቅ ስንት ሌሊት አልቅሻለሁ። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ያላችሁ እናቶች አስታውሱት።

እዚህ አገር ላላችሁ ደግሞ፣ ልጃችሁ 3 ዓመት ካልሞላው በየስቴቱ የቅድመ እርዳታ ፕሮግራም አለ። ምርመራው በነፃ ነው። ሐኪም እስኪልካችሁ አትጠብቁ፣ ራሳችሁ መደወል ትችላላችሁ። ወደ እኛ ቤት የመጣችው ባለሙያ ምንም ልዩ ዕቃ አልያዘችም። መሬት ላይ ተቀመጠች፣ የሱን ጽዋ ሶፋው ላይ አደረገችና ጠበቀች። እኔ ላነሳለት ስሄድ እጄን ያዘችኝ። "ይፈልገው" አለች። በሁለተኛው ሳምንት ሶፋውን ይዞ ተነሳ።

መዳህን ደግሞ እዚህ የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) እ.ኤ.አ. በ2022 ልጆች በየወሩ የሚጠበቅባቸውን ዝርዝር ሲያድስ ከነአካቴው አውጥቶታል።

አያት ነኝ
ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 2፡30

ልጄ፣ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፣ እኔ እናገራለሁ እሷ ትጽፋለች። 6 ልጅ ያሳደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፣ ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ቢሆንም ጠዋት ፀሐይ ወጣ ሲል ሰሌን ዘርግቼ፣ ልብሳቸውን አውልቄ፣ እግር እጃቸውን እያሸሁ አሞቃቸው ነበር። ጎረቤት "ብርድ ይመታቸዋል" ሲል አልሰማም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ፀሐይ ታሞቂያታለሽ?

የሚጣ እናት
ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 4፡00

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀኑን ሙሉ ሥራ ቦታ ሆኜ እያነበብኩ ነበር። የጀግናው እናት፣ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። አመሰግናለሁ።

ሲስተር፣ ሁለቱንም እጇን ትጠቀማለች። ግትር አይደለችም፣ ትንሽ ለስለስ ትላለች። ያቆመችው ነገር የለም። ላቡን ግን እንዴት አወቅሽ? ጠዋት ትራሷ ርጥብ ነው። እኔ ብርድ ልብስ በዝቶባት መስሎኝ ነበር። አንጓዋን አሁን መብራት አብርቼ አየሁት። እውነት ለመናገር እጥፋቱ ላይ ወፈር ያለ ነገር አለ። የውፍረቷ ነው ብዬ ነበር።

እማማ፣ ፀሐይ ታገኛለች። ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ክረምቱን እንደምታውቁት ፀሐይ አልነበረም። መስከረም ላይ የወሊድ ፈቃዴ አለቀና ሥራ ገባሁ። ሞግዚቷ ሕፃን ይዛ ደረጃ መውረድ ትፈራለች። ስለዚህ በየጠዋቱ መስኮቱ ጋ ፀሐይ በሚገባበት በኩል ታስቀምጣታለች። ብርድ እንዳይገባ መስኮቱን ዘግታ።

የሕፃናት ክፍል ነርስ
ግንቦት 5፣ ከጠዋቱ 12፡50

እህቴ፣ መልሱ እዚህ ሊሆን ይችላል። የመስኮት መስታወት ሙቀቱንና ብርሃኑን ያሳልፋል። ቆዳ ላይ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር ግን ያስቀረዋል። ልጅቷ ሞቋታል፣ ፀሐይ ግን አላገኘችም።

የጡት ወተት ለሕፃን የሚስተካከለው ምግብ የለም፣ ቫይታሚን ዲው ግን ትንሽ ነው። ቫይታሚን ዲ ካነሰ ካልሲየም አጥንት ውስጥ አይገባም፣ አጥንቱ ይለሰልሳል። ሪኬትስ የምንለው እሱን ነው። እርግብግቢት ሳይገጥም ይቆያል፣ ጥርስ ይዘገያል፣ ራስ ያልባል፣ አንጓ ይወፍራል፣ ጡንቻም ይደክማል። መሄድ የጀመረ ልጅ ላይ ሲሆን እግር ይቆለመማል። አገራችን 13 ወር ፀሐይ እያላት ይህን በሽታ ክፍላችን ውስጥ እናየዋለን። ልጆቹ ቤት ውስጥ ተሸፋፍነው ስለሚያድጉ ነው። ደረታቸውም ይደክማል፣ የሳንባ ምች ይዟቸው ሲመጡ ነው ብዙ ጊዜ የምናገኘው።

ነው ማለቴ አይደለም። ሐኪም ያያታል፣ የአንጓ ራጅና ደም ያሳውቃል። ግን ነገ ሂጂ።

አደራ፣ ፋርማሲ ሄደሽ ራስሽ ጠብታ ገዝተሽ እንዳትሰጫት። ሲበዛ ደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊት ይጎዳል። መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ከሜሪላንድ
ግንቦት 5፣ ከጠዋቱ 4፡20

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። እዚህ ደግሞ ሐኪሞቹ 6 ወር ያልሞላውን ሕፃን ቀጥታ ፀሐይ ላይ አታውጡ ነው የሚሉት። በምትኩ ጡት ለሚጠቡ ልጆች ከተወለዱ ጀምሮ በቀን 400 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ ያዛሉ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ "ልጁን ፀሐይ አሙቂው" ስትለኝ ከሐኪሙና ከእሷ መሀል ቆሜ ነበር። የትኛው ነው ልክ?

የሕፃናት ክፍል ነርስ
ግንቦት 5፣ ከቀኑ 7፡00

ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፣ ቫይታሚን ዲ። እነሱ የቆዳ መቃጠልን ስለሚፈሩ በጠብታ ይሰጣሉ። አንቺ ጠብታውን እየሰጠሽው ከሆነ ሐኪምሽን ስሚ። ጠብታ የማይሰጥበት ቤት ግን ፀሐዩ መቅረት የለበትም።

እኛ እናቶችን የምንመክራቸው ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ ኮፍያውንና ልብሱን አውልቀው፣ ዓይኑን ከፀሐይ ከልለው እንዲያሞቁ ነው። ደጅ ላይ እንጂ በመስታወት በኩል አይደለም። እማማ ያሉት ልክ ነው። ቅቤም ይሁን ቫዝሊን ግን ፀሐዩ ካለቀ በኋላ ቀቡት።

ከአሽዶድ
ግንቦት 5፣ ከምሽቱ 3፡15

እስራኤል ቲፓት ሐላቭ የሚባል የእናቶችና የሕፃናት ጣቢያ አለ። ነርሷ ልጄን ከመውጋቷ በፊት ምንጣፍ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ እጁን ይዛ ትስበዋለች፣ ኩብ ትሰጠዋለች፣ እኔንም ትጠይቀኛለች። መጀመሪያ ላይ ፈተና እየፈተኑት ይመስለኝ ነበር፣ ቅር ይለኝ ነበር። አሁን ገባኝ።

ነገ ስትሄጂ "እግሯን እዩልኝ" በያቸው። ጫማና ካልሲዋን አውልቀሽ ግቢ። እግሯን የምትሰበስብበትንም በስልክሽ ቀርጸሽ ያዢ፣ ሕፃን ሐኪም ፊት ሲሆን የሚያደርገውን አያደርግም።

የሚጣ እናት
ግንቦት 12፣ ከምሽቱ 3፡45

ተመልሻለሁ። ይቅርታ፣ ሳምንቱ ከባድ ነበር።

ዶክተሯ ልብሷን አስወልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። ዳሌዋን ከፈት ዘጋ አድርጋ አየች። ሁለት እጇን ይዛ ሳበቻት። ከዚያ አንጓዋን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፣ ወደ ጎድኗ ወረደች። እርግብግቢቷን ነካች። ምንም አላለችም። ቪዲዮውን አሳየኋት፣ ሁለቴ አየችው።

ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅላ አሳየችኝ። የአጥንቱ ጫፍ ጥርት ያለ መስመር መሆን ነበረበት። የሷ ግን ያለቀ የቀለም ብሩሽ ነው የሚመስለው፣ ጫፉ የተበጣጠሰ። ሪኬትስ ነው። መካከለኛ ነው፣ ይድናል አለችኝ። ቫይታሚን ዲና ካልሲየም አዘዘች። ከ3 ወር በኋላ ራጅ ይደገማል። "እግሯን የምትሰበስበው ፈርታ አይደለም፣ አጥንቷና ጡንቻዋ አልቻለላትም" አለችኝ። እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። ይህን ሁሉ ጊዜ ቁሚ እያልኩ ስታገላት ነበር።

ሞግዚቷን አልተቆጣኋትም። ልጄን ስለምትወዳት ነው መስኮቱን የዘጋችው። ሁለታችንም አናውቅም ነበር። አሁን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ባለቤቴ ልጅቷን ይዞ ይወርዳል፣ ሞግዚቷ ምንጣፉን ትይዛለች። ግቢው ውስጥ ከሦስት ሌሎች እናቶች ጋር ነው የሚቀመጡት። ያቺ ጎረቤቴም ልጇን ይዛ መውረድ ጀምራለች።

የጀግናው እናት
ግንቦት 12፣ ከምሽቱ 4፡10

እሰይ! እሰይ የኔ እህት። ሄድሽ። ራስሽን አትውቀሺ፣ እባክሽ። ያንን መንገድ እኔ አውቀዋለሁ፣ የትም አያደርስም።

የሚጣ እናት
ነሐሴ 22፣ ከምሽቱ 2፡30

ውይይታችን ከስንት ገጽ በታች ወርዶ ነው ያገኘሁት። 14 ወር ከ20 ቀን ሆናት።

ራጁ ተደገመ፣ የአጥንቱ ጫፍ መስመር ይዟል። ሁለት የታች ጥርስ አወጣች። ትራሷ አይርስም።

ሐሙስ ማታ ወጥ እየሠራሁ ነበር። ኩሽና በር ላይ ቢጫው ጀሪካን አለ። እሷ ምንጣፍ ላይ ነበረች። ዞር ስል ጀሪካኑን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ጉንጯን ክዳኑ ላይ አድርጋ፣ ቆማለች። ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። እግሯን ግን አልሰበሰበችም። ጣቶቿን ዘርግታ መሬቱን ይዛለች። ማማሰያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፣ ባለቤቴን መጥራት እንኳ አልቻልኩም። ወጡ አረረ።

ብቻዋን ገና አልሄደችም። ዶክተሯ ክረምቱ እስኪወጣ ጠብታው አይቋረጥም ብላለች። ቀጠሯችን መስከረም 14 ነው።

አያት ነኝ
ነሐሴ 23፣ ከጠዋቱ 2፡00

እልል! ልጄ፣ ጀሪካኑን ባዶውን እንዳትተዪው። ስትደገፈው ይገለበጥባታል።

የሚጣ እናት
ነሐሴ 23፣ ከጠዋቱ 2፡25

ሙሉ ነው እማማ። ረቡዕ ውሃ መጥቶ ነበር።